ለራስ ምታት የተዋጠ ክኒን፣ እግር ላይ የወጣ ችግር፦ የጉዳይ ጥናት

የ44 ዓመት ልብስ ሰፊ ናት። ድንገተኛ ክፍል የገባችው በሰው ተደግፋ ነው። ሁለቱም እግሮቿ ከጣት ጫፍ እስከ ባት አጋማሽ ቀዝቅዘዋል፤ ጣቶቿ ወደ ሰማያዊ አድልተዋል፤ ሌሊት እግሯን ከአልጋ አውርዳ ካላንጠለጠለች ሕመሙ አያስተኛትም። ከጀመራት አምስተኛ ቀኗ ነው፤ በነዚህ አምስት ቀናት ለሕመሙ ብዙ ስም ወጥቶለታል። ጎረቤት «ብርድ መቷት ነው» ብሎ እግሯን በሙቅ የጨው ውኃ እንድትዘፈዝፍ መከረ። አንድ ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብሎ የቢ ቫይታሚን መርፌ ጀመረላት። ወጌሻ ደግሞ ባቷን በቅቤ አሻት። በቀኝ እግሯ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ያመጣቸው በሽታው ሳይሆን የጨው ውኃው ነው። ጤነኛ እግር ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚዞረው ደም ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል፤ ደም የማይደርሰው እግር ግን በዚያው ውኃ ይቃጠላል። ስሜቱም ስለደነዘዘ ሰውዬው መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ሲነሳ ነው።

ይህ ጽሑፍ የአንዲት ሴት የሕክምና ማኅደር ግልባጭ አይደለም፤ የታማሚዋ ታሪክ በዚህ ችግር ከሚታወቁ ተመሳሳይ ጉዳዮች የተገጣጠመ ነው። የመድኃኒቶቹ ጠባይ፣ የምርመራው ቅደም ተከተልና የሕክምናው አካሄድ ግን በእውን የሚሠራበት ነው።

እጅ ያገኘው

በሁለቱም እግር ጀርባ ላይም ሆነ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ትርታ የለም። ከጉልበት ኋላ በጭንቅ ይሰማል። ብሽሽት ላይ አለ፣ ግን ደካማ ነው። የእጅ አንጓዋ ትርታም በሁለቱም በኩል የሳሳ ነው። የአውራ ጣቷ ሥጋ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ እስኪመለስ 7 ሰከንድ ይፈጃል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ2 ሰከንድ አያልፍም። ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ የጥጥ ንክኪ ግን ከቁርጭምጭሚት በታች አይሰማትም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጊዜን ይወስናል፤ ስሜት ደንዝዞ ጡንቻ ገና የሚሠራበት እግር ለመዳን ሰዓታት አሉት፣ ቀናት ግን የሉትም።

የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ) ተለክቶ ለክንዷ ግፊት ተካፈለ። ክንዷ 104፣ ቀኝ እግሯ 38፣ ግራዋ 45 ናቸው፤ ውጤቱ በቀኝ 0.37፣ በግራ 0.43 ይሆናል። ከ0.9 በታች የሆነ ቁጥር የደም ቅዳ ቧንቧ መጥበብን ያሳያል፣ ከ0.4 በታች ሲወርድ ደግሞ እግሩ አደጋ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። የክንድ ቧንቧዎችም ከጠበቡ አካፋዩ ያንሳል፣ ውጤቱም ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይወጣል። የእጅ አንጓ ትርታዋ መሳሳቱ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ትርታ የጠፋበት እግር ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ከልብ ተነቅሎ የመጣ የደም ጓል ነው። ይሁንና ጓል አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው አንዱን እግር ነው፤ የልብ ምቷም ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ስኳር የለባትም፤ ስለዚህ ቧንቧ በስብ የሚዘጋበት በሽታም ሆነ ወጣት አጫሾችን የሚይዘው የበርገር በሽታ አይመስልም። የታካያሱ የደም ቧንቧ ብግነት ሴቶችን ስለሚያጠቃ ታስቦ ነበር፤ የሁለቱ ክንዶች ግፊት እኩል መሆኑና የደም ዝቃጭ ፍጥነቷ (ኢ.ኤስ.አር.) 14 ብቻ መሆኑ ወደዚያ አላመራም። አልትራሳውንድ በጭን ቧንቧዎች ውስጥ ጓልም ሆነ የተለጠፈ ስብ አላየም፤ ያየው የቧንቧ መጥበብ ነው። በሲቲ የተነሳው የደም ቧንቧ ምስል ጉዳዩን አጠራው። ከብሽሽት በታች በሁለቱም በኩል፣ እንደ መስታወት ነጸብራቅ በተመሳሰለ መልክ፣ ቧንቧው ግድግዳው ለስላሳ እንደሆነ እየቀጠነ ይወርድና ከጉልበት በታች ክር ያክላል። ስብ የዘጋው ቧንቧ ጎርበጥባጣ ነው። ይኼኛው ግን ጡንቻው ራሱን ጨምቆ የያዘ ቧንቧ ነው።

ቦርሳው

እንግዲህ ቧንቧን በሁለቱም እግርና በሁለቱም እጅ እኩል የሚጨምቅ ነገር በደም የሚዞር ነገር መሆን አለበት። የመድኃኒት ታሪኳ መጀመሪያ ሲጠየቅ የተመዘገበው አንድ መስመር ነበር፦ «የጨጓራ መድኃኒት ብቻ።» ጥያቄው ስህተት አልነበረበትም፤ ግን ብዙ ሰው «መድኃኒት» ሲባል ሐኪም ያዘዘለትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በሁለተኛው ዙር ጥያቄው ተቀየረ።

«ራስዎን ሲያምዎትስ ምን ይወስዳሉ?»

«እሱማ ያው የማይግሬኗ ክኒን ናት። ጠዋት ሁለት ካልዋጥኩ መርፌ ውስጥ ክር አላስገባም።»

ቦርሳዋ አልጋው ላይ ተዘረገፈ። አሥር አሥር ክኒን የሚይዙ ሦስት ማሸጊያዎች ወጡ፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ በሦስተኛው ላይ አራት ክኒን ቀርቷል። በጀርባው የተጻፈው፦ ኤርጎታሚን ታርትሬት 1 ሚሊ ግራም፣ ካፌይን 100 ሚሊ ግራም። ብዙ ሰው በካፈርጎት ስም የሚያውቀው ቅልቅል ነው። ከ12 ዓመት በፊት ሲታዘዝላት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነሳ ማይግሬን ነበር። ከዚያ ባዶ ማሸጊያውን ለፋርማሲ እያሳየች ያለ ማዘዣ መግዛት ጀመረች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሆነ።

ሒሳቡን እናድርገው። በቀን 3 ሚሊ ግራም በስድስት ቀን ሲባዛ በሳምንት 18 ሚሊ ግራም ነው። የመድኃኒቱ ወሰን ለአንድ የሕመም ዙር ቢበዛ 6 ክኒን፣ በሳምንት ቢበዛ 10 ክኒን ነው፤ ያም ቢሆን በየሳምንቱ እንዲደጋገም የታሰበ አይደለም። በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የተወሰደ ኤርጎታሚን ራሱ የራስ ምታት ያመጣል። ጠዋት ተነስታ የሚያማት፣ ክር የማያስገባት ሕመም አብዛኛው ማይግሬን አልነበረም፤ የትናንቱ ክኒን ከሰውነቷ ሲወጣ የሚተወው ነው።

ሌላም ያልተቆጠረ ምልክት ነበር። ላለፉት ስድስት ወራት ከታክሲ ወርዳ ወደ ሱቋ ስትሄድ ባቷን ይዟት ቆም ትላለች፤ ሁለት ደቂቃ ስታርፍ ይለቃታል፣ ስትራመድ ይመለሳል። ይህ ባት የሚፈልገውን ያህል ደም ሲያጣ የሚሰማ ሕመም ነው። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ፔዳል ከመርገጥ የመጣ ድካም አድርጋ ወሰደችው።

ታዲያ ሁለት ዓመት የቻለ እግር በአምስት ቀን ውስጥ ለምን ወደቀ? መልሱ በዚያው ቦርሳ ውስጥ፣ «የጨጓራ» በተባለው ከረጢት ነበር። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባት የተሰጣት የተለመደው ሦስትዮሽ ነው፦ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ። እግሯን የቀዘቀዛት ይህን በጀመረች በአራተኛው ቀን ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

በአፍ ከተወሰደ ኤርጎታሚን ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አምስት እጅ ያነሰ ነው። ቀሪውን አንጀትና ጉበት፣ በተለይ ሲ.ዋይ.ፒ. 3ኤ4 የሚባለው ኢንዛይም፣ እንደ ዘብ መንገድ ላይ ያስቀሩታል። የክኒኑ መጠን የተተመነው ዘቡ ሥራ ላይ መሆኑ ታስቦ ነው። ክላሪትሮማይሲን ዘቡን ያስራል። ያን ጊዜ 3 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ከለመደው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሰውየው የክኒኑን ቁጥር ሳይጨምር መርዝ ደረጃ ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ችግሩ በአንድ ሁለት ክኒን ብቻ የተከሰተባቸው ሰዎች ያሉት።

ኤርጎታሚን የቧንቧውን ጡንቻ የሚያኮማትረው የአልፋ አድሬናሊንና የሴሮቶኒን ተቀባዮችን በመንካት ነው። በደም ውስጥ ቶሎ ይቀንሳል፣ ቧንቧው ላይ ግን አጥብቆ ስለሚቆይ ጭመቃው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። በየቀኑ የሚወስድ ሰው ቧንቧ እንግዲህ የሚፈታበት ቀን የለውም። በክኒኑ ያለው ካፌይን መምጠጡን ያፋጥናል፣ በዚህ ላይ የቀኑ ሦስት ስኒ ቡና አለ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኤርጎታሚን በ1918 (እ.ኤ.አ.) ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ ሳንዶዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ በአርተር ሽቶል ለብቻው ተለይቶ የወጣው በእህል ላይ ከሚበቅለው ኤርጎት ከሚባል ጥቁር ሻጋታ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1977-78) ወሎ፣ ዋድላ ደላንታ ውስጥ ከገብስ ጋር የበቀለው ሲናር ይህን ሻጋታ ይዞ ሰዎች ጣታቸውን፣ እግራቸውን ያጡበት፣ ብዙዎችም የሞቱበት ወረርሽኝ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ በተበከለ ገብስ ተደገመ። የደጋ ገበሬ እግር ላይ የታየው ደረቅ ጋንግሪን (ደም አጥቶ የሞተ ሥጋ) እና የዚህች ልብስ ሰፊ ሰማያዊ ጣት መነሻቸው አንድ ነው። አዋላጆች ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጡት ኤርጎሜትሪንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ላለ እናት የማይሰጠውም በዚሁ የመጨመቅ ጠባዩ ነው።

ሕክምናው በሰዓት

የመጀመሪያው ሕክምና ማስቀረት ነው። ኤርጎታሚን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ቡና ቆሙ። ክላሪትሮማይሲን መቆሙ ዘቡን ወዲያው አይፈታውም። የታሰረው ኢንዛይም ዳግም አያገለግልም፣ ሰውነት አዲስ መሥራት አለበት፤ ያ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ «ከነገ ጀምሮ አንድ ክኒን ብቻ» የሚል ስምምነት የለም።

ክፍሉ እንዲሞቅ ተደረገ። እግሯ በልል ጥጥና ጨርቅ ተጠቀለለ። የሙቅ ውኃ ላስቲክም ሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተከለከለ። አልጋው ከራስ በኩል ጥቂት ከፍ አለ፣ እግር ግን አልተሰቀለም። እግር መስቀል ለእብጠት ደግ ነው፤ ደም አልደርስ ላለው እግር ግን የቀረውን ጥቂት ግፊት ይቀማዋል።

በተጨመቀ ቧንቧ ውስጥ የዘገየ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ተጀመረ። ክብደቷ 58 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ 80 ዩኒት ተሰልቶ 4,600 ዩኒት በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኪሎ 18 ዩኒት በሰዓት፣ ማለትም ወደ 1,050 ዩኒት፣ በፓምፕ ተሰጣት። በየ6 ሰዓቱ የመርጋት ጊዜዋ እየተለካ መጠኑ ተስተካከለ።

ቧንቧውን ለመክፈት በብዛት የተጻፈለት ሶዲየም ናይትሮፕረሳይድ ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ከብርሃን መከለል፣ የማያቋርጥ የግፊት ክትትልና ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ሲቀጥል የሳያናይድ መመረዝ ፍርሃት አለበት። እዚህ የተጠቀሙት ናይትሮግሊሰሪን ነው። በደቂቃ 10 ማይክሮ ግራም ተጀምሮ በየ5 ደቂቃው በ10 እያደገ ሄደ። 60 ላይ ሲደርስ ግፊቷ 92/58 ሆነ፣ ወደ 50 ተመለሰ። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከወረደ ቧንቧው ቢከፈትም የሚገፋ ኃይል ስለማይኖር ጥቅሙ ይጠፋል። ቀስ ብሎ የሚለቅ ኒፌዲፒን 30 ሚሊ ግራም በአፍ ተጨመረ። ቶሎ የሚሠራው፣ ከምላስ ሥር የሚጨመቀው ኒፌዲፒን ግን ግፊትን ድንገት ስለሚጥል እዚህ ቦታ የለውም። ፕሮስታግላንዲን ወይም ኢሎፕሮስት ባለበት ቦታ እነሱም ጥሩ አማራጭ ናቸው።

በ6ኛው ሰዓት ባቷ ሞቀ። በ20ኛው ሰዓት የጣቶቹ ሰማያዊነት ወደ ቀይ ተለወጠ፣ ማቃጠልም መጣ፤ ደም ሲመለስ የሚሰማ ሕመም ስለሆነ ነርሶቹ ቀድመው ነግረዋት ነበር። በ36 ሰዓት የጉልበት ኋላ ትርታ በደንብ ተያዘ። የእግር ጀርባ ትርታ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በግራ፣ ማታ በቀኝ ተመለሰ። ጡንቻው ሲነቃ የሚያብጥበት ጊዜም ይኸው ነው። ባቷ በየሁለት ሰዓቱ እየተዳሰሰ፣ የሽንቷ ቀለምና ኩላሊቷ ታዩ። ባቱ ጠጥሮ ጣት ሲዘረጋ ከመጠን በላይ ካመመ የጡንቻውን ሽፋን መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ አልደረሰም።

ሊሆን ሲል የቀረ ነገር መጻፍ አለበት። የሲቲው ምስል ከመነሳቱ በፊት ብሽሽት ተከፍቶ በፊኛ ጓል ለማውጣት ክፍል ተይዞ ነበር። በጭመቃ ላይ ያለ ቧንቧ ሲነካ ይበልጥ ይጨመቃል፤ የሚወጣ ጓልም የለም። የሁለቱ እግሮች መመሳሰል ብቻውን ቢላውን ለአንድ ሰዓት ማዘግየት ነበረበት። የጠቆረ ጣት ላይም እንዲሁ። የቀኝ ትንሿ ጣት ጫፍ ጠቁራ ደርቃለች። ካልመገለች፣ ካልሸተተች፣ ሞቶ የቀረውና የዳነው ድንበሩ ራሱ እስኪለይ ሳምንታት ይጠበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆረጥ ሰው መዳን የሚችል ሥጋም አብሮ ይሄድበታል።

ራሱስ?

በሁለተኛው ቀን ከባድ የራስ ምታት ተነሳ። ክኒኑ ቆሟል፣ ካፌይኑ ቆሟል፣ ናይትሮግሊሰሪኑ ደግሞ በራሱ ራስ ያሳምማል። ታማሚዋ የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ «ግማሿን ብቻ።» ብዙ ሰው የሚመለሰው በዚህ ቀን ነው። ቤተሰብ ከቦርሳ አውጥቶ እንዳይሰጣት ማሸጊያዎቹ በፊርማ ለፋርማሲው ገቡ። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊ ግራም ተሰጣት። ሕመሙ ሳምንት ያህል ቆይቶ ለቀቃት። ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶችም ቧንቧ ይጨምቃሉ። ከኤርጎታሚን በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይሰጡም፣ እግሩ ደም ላጠረው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታሰቡም።

ለመከላከያ ሐኪም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፕሮፕራኖሎል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። እዚህ ግን የዳር ቧንቧዎችን ጭመቃ ሊያባብስ ስለሚችል ተትቶ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ 10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ወደ 25 አደገ። ጨጓራዋ ገና ስላልታከመ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ተከለከሉ። ፓይሎሪው ከስድስት ሳምንት በኋላ ክላሪትሮማይሲን በሌለበት፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ኦሜፕራዞል ባለበት ቅንብር ታከመ።

በመውጫ ወረቀቷ ላይ «ኤርጎታሚን ፈጽሞ አይሰጥ» የሚለው በቀይ ተጽፏል። ከሥሩም ይህን መድኃኒት የሚወስድ ማንኛውም ሰው የማይጠጋቸው ተዘርዝረዋል፦ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚዋጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፣ በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው እንደ አታዛናቪርና ሎፒናቪር ያሉ ቅንብሮች። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኤርጎታሚን ማሸጊያ ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ እንዲጻፍ ያደረገው ማስጠንቀቂያም ይኸው ነው። በሌላው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት፣ በዶሉቴግራቪር ላይ ያለ ሰው በዚህ ረገድ ሌላ ነው፤ ዶሉቴግራቪር ዘቡን አያስርም፣ ሪቶናቪር ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ላይ ያለው ሰው ግን በክሊኒኩ ስለ ራስ ምታቱ መጠየቅ አለበት። ፋርማሲ ላይ ደግሞ ማዘዣ ባይኖርም አንድ ጥያቄ አይከብድም፦ ይህን ክኒን በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትወስጂው? መልሱ ከሁለት ቀን በላይ ከሆነ የሚሸጠው ክኒን ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚልክ ወረቀት ነው። ባትሽን ሲይዝሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ መጨመርም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በስድስተኛው ሳምንት የእግሯ ግፊት ለክንዷ ሲካፈል በቀኝ 0.95፣ በግራ 1.02 ሆነ። የትንሿ ጣት ጥቁር ጫፍ በዘጠነኛው ሳምንት ያለ ቢላ ወደቀ፤ ከሥሩ የተገኘው ጤነኛ ሥጋ ነው። ማይግሬኗ በወር ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ጠዋት ጠዋት የሚያማት ግን ጠፍቷል። የቀኝ እግሯ መዳፍ ስሜት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ደም አጥቶ የቆየ ነርቭ ከቧንቧው ዘግይቶ ነው የሚያገግመው። ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጠች ስለማይሰማት ስፌቱ እየሮጠባት ነው፣ ለጊዜው የምትሰፋው በግራ እግሯ ነው።